ለባለ ተሰጥኦ ልጆች ሳምንታዊ የማበልጸጊያ ሰዓት፦ ወላጆችና መምህራን ደጋግመው የሚጠይቁኝ

በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይመጡልኛል። አንዳንዱን ወላጅ በር ላይ ቆሞ ይጠይቀኛል፤ አንዳንዱን የሥራ ባልደረባዬ በእረፍት ሰዓት ያነሳብኛል። መልሶቼን አንድ ቦታ ልጻፋቸው ብዬ ነው። የምጽፈው ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ካሉ ልጆች ጋር ከሠራሁት ነው።

የማበልጸጊያ ሰዓት ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?

በሳምንት አንድ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ፣ ከክፍላቸው ትምህርት ቀድመው የሄዱ ልጆች በትንሽ ቡድን ይሰበሰባሉ። በመደበኛው ትምህርት የማይነሳ ጥያቄ እዚያ ይነሳል። ወይም ክፍል ውስጥ የተነሳው ጥያቄ ከመጽሐፉ አልፎ ይሄዳል።

ብዙ ሰው ተጨማሪ የቤት ሥራ ይመስለዋል። አይደለም። 20 የማባዛት ጥያቄ በ5 ደቂቃ የጨረሰ ልጅ ሌላ 40 ቢሰጡት ቅጣት ነው የሚመስለው። ልጅ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ በሚቀጥለው ቀን ሆን ብሎ ቀስ ይላል። የመጪውን ዓመት መጽሐፍ ቀድሞ መጨረስም ሌላ ነገር ነው። እሱ ማፋጠን ይባላል። የሚጠቅመው ልጅ አለ፣ ግን ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው።

እኔ ለራሴ የያዝኩት መለኪያ አንድ ነው። ልጁ በዚህ ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ ከማያውቀው ነገር ጋር ተፋጥጧል ወይ? ካልተፋጠጠ፣ ሰዓቱ የቱንም ያህል ደስ ቢል፣ ለእሱ አልሆነም ማለት ነው።

ጎበዝ ተማሪ ሁሉ ባለ ልዩ ተሰጥኦ ነው?

አይደለም። ጎበዝ ተማሪ የተጠየቀውን ይመልሳል፤ ደብተሩ ንጹሕ ነው፤ ፈተና ይደፍናል። ባለ ተሰጥኦ የምንለው ልጅ አንዳንዴ ይህን ሁሉ ያሟላል። አንዳንዴ ግን ደብተሩ የተዝረከረከ፣ የቤት ሥራ የሚረሳ፣ «ዜሮ ቁጥር ነው ወይስ ባዶ ቦታ?» ብሎ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ እሱን ሲያሰላስል የሚውል ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ ብዙዎቻችን «ሐሳቡ ይበተናል» ብለን እናልፈዋለን።

ጆሴፍ ሬንዙሊ የሚባል አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው ሐሳብ እኔን በጣም ረድቶኛል። ተሰጥኦ የሚታየው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው ይላል፦ ከአማካይ በላይ የሆነ ችሎታ፣ የፈጠራ ዝንባሌ፣ አንድን ሥራ ይዞ የመዝለቅ ጽናት። «ከአማካይ በላይ» ማለቱን ልብ በሉ። ከሁሉም አንደኛ መሆን አይጠበቅም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ደግሞ ልጁ ዕድል ካላገኘ ጭራሽ የማይታዩ ናቸው። ለዚህ ነው «መጀመሪያ ተሰጥኦውን ያሳየን፣ ከዚያ እናስገባዋለን» የሚለው አሠራር የማይጥመኝ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከገባ በኋላ ነው የሚታየው።

ታዲያ ልጆቹ እንዴት ይመረጡ?

በአንድ ፈተና ብቻ እንዳይሆን። ሉዊስ ተርማን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1921 በካሊፎርኒያ ልጆችን በአይኪው (የአእምሮ ብቃት መለኪያ) ፈተና እየለየ ዕድሜ ልካቸውን መከታተል ጀመረ። በመጨረሻ ከ1,500 የሚበልጡ ተመረጡ። ተፈትነው ውጤታቸው ስላልደረሰ ከቀሩት መካከል ዊልያም ሾክሊ እና ሉዊስ አልቫሬዝ ነበሩ። ሁለቱም አድገው በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ፤ ሾክሊ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968። ከተመረጡት ውስጥ ግን ኖቤል ያገኘ አንድም የለም። ፈተናው ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። ብቻውን በር ጠባቂ ከሆነ ግን ማንን ውጭ እንደሚያስቀር አይታወቅም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ለክፍሉ ሁሉ አንድ አንድ ክፍት ጥያቄ እሰጣለሁ። መልሱን ማን ቀድሞ እንደሚያገኝ አልመዘግብም። በነጋታው ጠዋት ማን ይዞት እንደሚመጣ ነው የማየው። «ማታ ሳስበው ነበር» የሚል ልጅ ካለ ስሙን እጽፋለሁ። ከዚያ የመምህሩን ምስክርነት፣ የወላጅን አስተያየት፣ ልጁ በራሱ ፍላጎት የሠራውን ነገር እጨምራለሁ። ውጤትም አያለሁ።

በዝምታቸው የሚታለፉ ልጆች አሉ። የሚማሩበት ቋንቋ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ አሉ። ጓደኛ እንዳታጣ ብላ እያወቀች እጇን የማታወጣ ልጅ አለች። እነዚህን ካልፈለጓቸው አይገኙም። ምርጫው በዓመት አንዴ ተዘግቶ መቅረትም የለበትም። ቢያንስ በየመንፈቁ እንደገና ይታይ።

በሳምንት አንድ ሰዓት ምን ለውጥ ያመጣል?

ብቻውን አይበቃም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ልጁ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብቻ አይደለም ባለ ተሰጥኦ የሚሆነው። በቀሪዎቹ ቀናት የሚያውቀውን እየደጋገመ ከተቀመጠ አንድ ሰዓት አያድነውም። የክፍል መምህሩም የሚችለውን እያሳጠረለት በተረፈው ጊዜ ጠለቅ ያለ ሥራ ሊሰጠው ይገባል።

ግን ሳምንታዊ መሆኑ የራሱ የሆነ ጥቅም አለው። በመሐል ስድስት ቀን አለ። ጥሩ ጥያቄ ከልጁ ጋር ቤት ይገባል፣ አብሮት ያድራል።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ከዜሮ የሚበልጥ የፈለጋችሁትን ሙሉ ቁጥር ያዙ። ለሁለት እኩል የሚካፈል ከሆነ በ2 አካፍሉት። ካልሆነ በ3 አባዙትና 1 ጨምሩበት። በወጣው ቁጥር ላይ ያንኑ ድገሙ። ከ6 ብትነሱ 6፣ 3፣ 10፣ 5፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ይሆናል። 8 እርምጃ ነው። ከ7 ብትነሱ 16 እርምጃ ይፈጃል። ሁለቱም 1 ላይ ያርፋሉ። «ሁሉም ቁጥር መጨረሻው 1 ነው?» ጥያቄው ይኸው ነው።

ይህ በጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ በሎታር ኮላትዝ ስም የሚጠራ ጥያቄ ነው። የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን እስከ ዛሬ «አዎ፣ ሁሉም» ብሎ ያረጋገጠ ሰው የለም። የ4ኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው፣ የዓለም ሊቃውንት ያልፈቱት። ይህን ስነግራቸው የዓይናቸውን ማብራት ብታዩት!

አንድ ቀን 27ን ሰጥቼ ለቀቅኳቸው። ትንሽ ቁጥር ስለሆነች ወዲያው የምታልቅ መስሏቸው ነበር። 27 ግን ጉደኛ ናት። እስከ 9,232 ትወጣና 111 እርምጃ ሄዳ ነው 1 ላይ የምታርፈው። በሳምንቱ አንዲት ልጅ አራት ገጽ ሙሉ ሥራ ይዛ መጣች። ሁለተኛው ገጽ መሐል ላይ በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘ መስመር አለ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተሰርዞ እንደገና ተጽፏል። አካፍላ ስትሳሳት ማንም አላየላትም። «እሁድ ማታ ነው ያገኘሁት» አለችኝ። «ቁጥሩ በጣም ሲገዝፍ ተጠራጠርኩ።» ለእኔ ከ111 እርምጃው ይልቅ ያቺ «ተጠራጠርኩ» የምትለዋ ቃል ትበልጣለች።

አንድ ክፍለ ጊዜ ከውስጥ ሲታይ ምን ይመስላል?

ከምወዳቸው አንዱን ልንገራችሁ። የሚያስፈልገው ክር፣ ጥቂት የብሎን ዳዶ፣ ማስመሪያና ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ነው። ዳዶውን ክር ጫፍ ላይ አስረን ከፍ ካለ ቦታ እናንጠለጥለዋለን። ፔንዱለም ሆነ። ጥያቄው፦ በትክክል በ1 ሰከንድ ሄዶ እንዲመለስ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ይገምታሉ። አንዱ «ይከብድ»፣ ሌላው «ጠንከር አድርገን እንግፋው»፣ ሦስተኛዋ «ክሩ ይጠር» ትላለች። ግምቱን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። የማንንም ግምት አላሞግስም፣ አላጣጥልም። ከዚያ አንድ ሕግ ብቻ እሰጣለሁ፦ በአንድ ጊዜ የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ክሩን 1 ሜትር አድርገው፣ በትንሹ ገፍተው ለቀው፣ በ30 ሰከንድ ስንቴ ደርሶ እንደሚመለስ ይቆጥራሉ። 15 ገደማ ይሆናል። ሦስት ዳዶ ይጨምራሉ። አሁንም 15። አያምኑም፤ ይደግሙታል። «አቆጣጠርህ ነው» የሚል ክርክር ይነሳል። ይህ ክርክር ወርቅ ስለሆነ አላቋርጠውም። ክብደት እንደማይለውጠው በገዛ እጃቸው ካረጋገጡ በኋላ ወደ ክሩ ይሄዳሉ።

«በግማሽ እናሳጥረው፤ 30 ይሆናል!» ይላሉ በአንድ ድምፅ። 50 ሴንቲ ሜትር ያደርጉታል። ቆጠሩ። 21።

ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስጠብቅ የነበርኩት ይህን ጸጥታ ነው። የመምህር ምላስ የሚያሳክከውም እዚህ ጋ ነው። እጄን ኪሴ ከትቼ ዝም እላለሁ። አንዱ 40 ይሞክራል፣ ሌላው 30። በመጨረሻ 25 ሴንቲ ሜትር ላይ 30 ይቆጠራል። ክሩ አራት ጊዜ ሲያጥር ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ብቻ እንደሚሆን ያዩታል። ቀመሩን አልነግራቸውም። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ሲያገኙት የድሮ ወዳጅ ይሆንላቸዋል።

የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች የጽሑፍ ናቸው። ምን ገምተን ነበር? ምን አየን? ያልገባን ምን አለ? ሦስተኛውን ባዶ ትቶ የሚወጣ ልጅ የለም።

ሁልጊዜ ሒሳብና ሳይንስ ነው?

ኧረ በፍጹም። አንድ ሳምንት ቋንቋ፣ አንድ ሳምንት ክርክር፣ አንድ ሳምንት ሥዕል እንዲገባ እጥራለሁ።

ከቋንቋው የኮድ ጽሑፍ አይጠገብም። ፊደላችን ለዚህ የተመቸ ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት መልክ አለው። ሕጉ ቀላል ነው፦ እያንዳንዱን ፊደል ወደ ቀጣዩ መልክ ግፋው። ግዕዙ ካዕብ፣ ራብዑ ኃምስ፣ ሳድሱ ሳብዕ ይሆናል፤ ሳብዑ ዞሮ ወደ ግዕዝ ይመለሳል። «ሰላም» ሲጻፍ «ሱሌሞ» ይሆናል። «ነገ እንገናኝ» ደግሞ «ኑጉ ኦኖጉኔኞ»። ልጆቹ ጮክ ብለው ሲያነቡት ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ።

ከዚያ ቡድኑን ለሁለት እከፍላለሁ። አንዱ ይደብቃል፣ ሌላው ሕጉን ሳይነገረው ይፈታል። አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ ሳብዕ በዛ፤ ሰው እንዲህ አይጽፍም» ብሎ ሚስጥሩን አወጣው። ሳያውቀው ያገኘው መንገድ የቆየ ነው። የፊደላትን ድግግሞሽ ቆጥሮ ኮድ መስበርን በጽሑፍ ካስረዱት የመጀመሪያው የምናውቀው ሰው በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖረው አልኪንዲ ነው። ይህን የነገርኩት ልጁ ካገኘው በኋላ ነው። ቀድሜ ብነግረው ኖሮ የእሱ ግኝት አይሆንም ነበር። ቀጣዩ ሥራ የማይሰበር ኮድ መፍጠር ነው፤ እሱ ወር ይፈጃል።

ለክርክር ደግሞ አሮጌው የመርከብ ጥያቄ አለ። የአንዲት መርከብ ሳንቃ ሲበሰብስ በአዲስ ይተካል። ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያው ሳንቃ አንድም አልቀረም። ያቺው መርከብ ናት? የ2ኛ ክፍል ልጆች እንኳ ይከራከሩበታል። «ታዲያ እኔስ? ጥርሴ ተቀይሯል» ያለችኝን ልጅ አልረሳትም።

የኮኒግስበርግ ከተማን ድልድዮችም ሞክሩ። ከተማዋ በወንዝ የተከፋፈለች ነበረች፤ 7 ድልድዮች ነበሯት። እያንዳንዱን አንድ ጊዜ ብቻ ተሻግሮ ሁሉንም ማዳረስ ይቻላል? የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንደማይቻል አሳይቷል። ልጆች «አይቻልም» የሚባል መልስ እንዳለ ሲያውቁ ይገርማቸዋል። «እኔ አልቻልኩም» እና «ማንም አይችልም» የተለያዩ መሆናቸውን እዚህ ይማራሉ።

ልጄ ሲያቅተው ያለቅሳል። ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚመጣብኝ ጥያቄ ነው። የምጨነቅበትም እሱ ነው።

እስኪ አስቡት። ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ ሁሉም ነገር ቀሎታል። ሁሉም «አንተ እኮ ጎበዝ ነህ» ይለዋል። ቀስ በቀስ ጎበዝነት ማለት ወዲያው ማወቅ ነው ብሎ ያምናል። እና አንድ ቀን ወዲያው የማይገባው ነገር ይገጥመዋል። ለእሱ የጥያቄው መክበድ ብቻ አይደለም። ማንነቱ የተነካ ያህል ነው። ስለዚህ ያለቅሳል፣ ወረቀቱን ይቀድዳል፣ «ደባሪ ነው» ብሎ ይተወዋል፣ ወይም ሆዱን ያመዋል። ብዙ ልጆች ይህ የሚደርስባቸው ከፍ ያለ ክፍል ደርሰው ነው። ያኔ መልመዱ ይከብዳል። በ8 ዓመቱ፣ ውጤት በማይያዝበት ክፍል፣ ጓደኞቹም አብረው እያቃታቸው ቢደርስበት በብዙ ይሻላል።

ክላውዲያ ሙለር እና ካሮል ድዌክ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጡት ጥናት አለ። የ5ኛ ክፍል ልጆች አንድ ሥራ ሠርተው ተመሰገኑ። አንዳንዶቹ «ብልህ ናችሁ» ተባሉ፣ ሌሎቹ «ጥሩ ለፍታችኋል»። ከዚያ ከባድ ሥራ ተሰጣቸውና አቃታቸው። በብልህነታቸው የተመሰገኑት ከዚያ በኋላ ቶሎ ተስፋ ቆረጡ፣ ደስታቸው ቀነሰ፣ ቀጥሎ በመጣው ሥራም ውጤታቸው ወረደ። በልፋታቸው የተመሰገኑት የተሻለ ሠሩ።

ስለዚህ ቤት ውስጥ «ጎበዝ» የሚለውን ቃል አታጥፉት፣ ግን ቦታውን ለውጡት። «መንገዱን ስትቀይር አየሁህ።» «ትናንት እዚህ ጋ ቆመሽ ነበር፤ ዛሬ አለፍሽው።» ልጁ ሲያለቅስ መልሱን አትንገሩት። «ቀላል እኮ ነው» አትበሉት፤ ከዚህ የከፋ ቃል የለም። ቀላል ሆኖ ካቃተው ምን ሊባል ነው? አጠገቡ ተቀመጡ። «እስካሁን የምናውቀው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ካልሆነ ወረቀቱን አጣጥፎ ለነገ ያሳድረው። ማሳደር ማቆም እንዳልሆነ ይወቅ።

እኔ ክፍል ውስጥ አንድ ልማድ አለኝ። በየሳምንቱ መጀመሪያ ላይ እኔ ራሴ በሳምንቱ ያቃተኝን አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ። ከዚያ እነሱ ይነግሩኛል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ማንም አይናገርም። በሦስተኛው ይጀምራሉ።

ለተመረጡት ብቻ መስጠት ለሌሎቹ ፍትሕ ነው?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔንም ያሳስበኛል። ከዚህ በላይ የዘረዘርኳቸውን ሥራዎች ማንኛውም ልጅ ሊሞክራቸው ይገባል፤ ፔንዱለሙን ለክፍል ሁሉ አሠርቼ አውቃለሁ። የተለየው ቡድን የሚያስፈልገው ለፍጥነቱና ለጥልቀቱ ነው። ዋና የሚችል ልጅ ጉልበቱ ድረስ በሚመጣ ውኃ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ አይቆምም። ሁሉም ልጅ በየቀኑ አዲስ ነገር መማር አለበት ካልን፣ «ሁሉም» የሚለው እሱንም ይጨምራል። በሩ ግን ክፍት ይሁን። ዘንድሮ ያልገባ ልጅ በመንፈቁ ሊገባ ይችላል። የቡድኑም ስም «ምርጦች» ወይም «ሊቆች» አይባል። እኛ «የረቡዕ ቡድን» ነው የምንለው።

በዚያ ሰዓት ያመለጠውን የክፍል ሥራ ማካካስ አለበት?

የሚያውቀውን ከሆነ፣ የለበትም። አዲስ ትምህርት ከሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ ይያዝ። ከማበልጸጊያ ሰዓት በተመለሰ ቁጥር የተከመረ ሥራ የሚጠብቀው ልጅ በወር ውስጥ «ይቅርብኝ» ይላል። ከክፍል መምህሩ ጋር ይህን ዓመቱ ሲጀመር መስማማት ይሻላል።

ፈጥኖ ስለሚጨርስ ሌሎቹን እንዲያስተምር ባደርገውስ?

አልፎ አልፎ መልካም ነው። የዘወትር ሥራው ከሆነ ግን ረዳት መምህር አደረግነው እንጂ አላስተማርነውም።

ሐሳቡ ጥልቅ ነው፤ ማንበብና መጻፍ ግን ይከብደዋል። ይገባዋል?

በደንብ! ተሰጥኦና የመማር ችግር በአንድ ልጅ ላይ አብረው ይገኛሉ። ዲስሌክሲያ (ማንበብና መጻፍን የሚያከብድ የመማር ችግር) ያለበት ልጅ የፔንዱለሙን ጉዳይ ከሁሉም ቀድሞ ሊያየው ይችላል፤ ማስታወሻው ግን ሁለት መስመር ነው። አንዳንዴ ብልሃቱ ችግሩን ይሸፍነዋል፣ ችግሩም ብልሃቱን። ውጤቱ ሲታይ «መካከለኛ» ይመስላል፤ ሁለቱም ሳይታዩ ያልፋሉ።

በድምፅ ይቅረጽ። ይሳል። አንተ ተናገር፣ ጓደኛህ ይጻፍ ማለት ይቻላል። ለማንበቡ የሚያስፈልገው እርዳታ በሌላ ሰዓት ይሰጠው። ይህን ሰዓት ግን ለማንበብ ማጠናከሪያ አትውሰዱበት። በሳምንት ውስጥ የሚችለውን የሚያሳይበት ብቸኛ ቦታ ሊሆን ይችላል።

የራሱን ፕሮጀክት መቼ ይጀምር?

ሬንዙሊ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣው አካሄድ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ልጁ ብዙ ዓይነት ነገር ይቅመስ። ቀጥሎ ለሥራ የሚያስፈልገውን ክህሎት ይልመድ፤ መጠየቅ፣ መለካት፣ መመዝገብ፣ ማስረጃ ማመዛዘን። በመጨረሻ ራሱ የመረጠውን እውነተኛ ጥያቄ ብቻውን ወይም ከጥቂት ጓደኞች ጋር ይመርምር። እኔ እስከ ዓመቱ አጋማሽ ሁለቱ ላይ እቆያለሁ፤ ከዚያ ሦስተኛውን እከፍታለሁ።

ጥያቄው ጠበብ ያለ ይሁን። «ስለ ጉንዳን» ሰፊ ነው። «በትምህርት ቤታችን ግቢ ያሉ ጉንዳኖች ከጥላና ከፀሐይ የትኛውን መንገድ ይመርጣሉ?» ግን ይሠራል። ሥራው ሲያልቅ ከመምህሩ ሌላ የሚያየው ሰው ይኑር። ጉንዳን የቆጠሩት ሁለት ልጆች ግኝታቸውን ለግቢው አትክልተኛ አቀረቡ። እሱም ያላዩትን ሌላ ጎሬ አሳያቸው። ካርታቸውን እንደገና ሣሉ።

ውጤት ይሰጠዋል?

አልሰጥም። ማርክ ከተያዘ ልጁ ቀላሉን ይመርጣል። በምትኩ አንድ ደብተር አለው፤ ያቃተው፣ የቀየረው፣ ያገኘው ሁሉ እዚያ ይሰፍራል። ወላጅ ሲመጣ የመስከረሙንና የግንቦቱን ገጽ ጎን ለጎን ዘርግቼ አሳያለሁ።

ኢንተርኔትና አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ይጠቀም?

ከገመተና ከሞከረ በኋላ፣ አዎ። ከዚያ በፊት ከሆነ መልሱ ይገኛል፣ ጥያቄው ግን ይሞታል። ያገኘውን መልስ ደግሞ ይሞክረው። ስለ ፔንዱለም የተጻፈ ነገር ካነበበ ክርና ዳዶው እዚያው ጠረጴዛው ላይ አለለት።

መምህሩ ሁሉንም የሚያውቅ መሆን አለበት? ልጁ ከመምህሩ በላይ ቢያውቅስ?

ይሆናል። እኔን ደጋግሞ ገጥሞኛል። ማስመሰል ግን አያዋጣም፤ እነዚህ ልጆች ወዲያው ያውቃሉ። «አላውቅም፤ እንዴት እናውቀው?» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ከለመዳችሁ ይበቃል።

ባለፈው በፔንዱለሙ ቀን አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ጨረቃ ላይ ብንወስደውስ?» አለ። አላውቅም አልኩት። እሱ ጭራሽ አይወዛወዝም ብሎ ገመተ። ጓደኛው እንደዚሁ ነው የሚሆነው አለ። አብረን ፈለግን። የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። እዚህ በ1 ሰከንድ ደርሶ የሚመለሰው፣ እዚያ ወደ 2 ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል። ሁለቱም ግምት ወደቀ። ደወል ተደወለ፤ ሌሎቹ ቦርሳቸውን አነሱ። እሱ ግን ክሩን በጣቱ እየጠቀለለ ቆመ።

«እዚያም 1 ሰከንድ እንዲሆን ክሩ ስንት ይሁን?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ማስመሪያውን አነሳና መቀስ ጠየቀኝ።